አንድ መኪና ምን ያህል ዝቅ ቢል ወንጀል ይሆናል?

መኪና ከመሬት ስንት ጣት ከፍ ማለት አለበት? ጥያቄው የጋራዥ ይመስላል። በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግን ከስድሳ ዓመት በላይ የፖሊስ፣ የምክር ቤትና የመብት ጥያቄ ሆኖ ኖሯል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነጭ ወጣቶች ፋሽን ፈጣን መኪና ነበር። በሎስ አንጀለስ የሚኖሩ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ወጣቶች ግን በተቃራኒው ሄዱ። አሮጌ ሼቭሮሌት ገዝተው ሞላውን ይቆርጡታል፤ ወይም ከኋላ የአሸዋ ከረጢት ይጭኑበታል። መኪናው ዝቅ ሲል ቅዳሜና እሁድ ማታ በዊቲየር ጎዳና ላይ በቀስታ ያንሸራሽሩታል። እንደ ሁለተኛ ዜጋ ለሚታይ ወጣት፣ ቀስ ብሎ መሄድ «እዩኝ፣ እዚህ ነኝ» የማለት ያህል ነበር።

መልሱ በሕግ መጣ። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ማንኛውም የመኪና አካል ከቸርኬው የታችኛ ጠርዝ ዝቅ እንዳይል ከለከለች። የመኪና ሕጉ አንቀጽ 24008 የቤት መኪናን ብቻ ሳይሆን ከ6,000 ፓውንድ በታች የሆኑ የንግድ መኪኖችንም ይጨምር ነበር። ስለዚህ ቀላል ፒካፕም አላመለጠም።

ሕግ ሲጠብቅ ብልሃት ይወለዳል። ሮን አጊሬ የተባለ ወጣት በዚያው ሰሞን የአውሮፕላን ሃይድሮሊክ ፓምፕ በኮርቬት መኪናው ላይ ገጠመ። ፖሊስ ሲመጣ ከፍ፣ ፖሊስ ሲሄድ ዝቅ! ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የሚዘል መኪና መነሻው ይኸው ነው።

በ1980ዎቹ ደግሞ ተራው የትናንሽ የጃፓን ፒካፖች ሆነ። የሕጉ ድክመት ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ፒካፕ በሥርዓት ዝቅ ሲል ከፊት አጭር ሞላ ይገባል፤ ከኋላ የባሌስትራው ማንጠልጠያ ይቀየራል። የበለጠ ዝቅ እንዲል ከተፈለገ፣ ከባሌስትራው በታች የነበረው የኋላ አክስል ከባሌስትራው በላይ ይታሰራል። አክስሉ ሻንሲውን እንዳይመታም ሻንሲው ተቆርጦ ይጠናከራል። ዋናው ነገር ግን አሞርዛተሩ ነው። ለፋብሪካው ቁመት የተሠራ አሞርዛተር ዝቅ ባለ መኪና ላይ ሲቀር ገና ከመነሻው ተጨምቆ ይቀመጣል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ታች ይመታል፣ ጎማው መንገዱን ይለቃል፣ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ይዋልላል። ስለዚህ ለአዲሱ ቁመት የሚስማማ አጭር አሞርዛተር የግድ ያስፈልጋል።

አንቀጹ ግን ስለ አሞርዛተር አንዲት ቃል አልነበረውም። ሞላው በመጋዝ የተቆረጠ፣ አሞርዛተሩ ያለቀ ፒካፕ ከቸርኬው ጠርዝ በላይ እስከሆነ ድረስ በዚህ አንቀጽ አይጠየቅም። በጥንቃቄ የተሠራውና በግማሽ ኢንች ያለፈው ግን ይቀጣል። ደኅንነት የሚለካው በአሠራር ነው፤ ይህ ሕግ የለካው ግን መልክን ነበር። መልክን የሚለካ ሕግ ደግሞ መጨረሻው ሰውን መለካት ነው። ፖሊስ አንድን ወጣት ለማስቆም ሌላ ሰበብ አያስፈልገውም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1982 ከተሞች በአንድ ጎዳና ላይ እየተመላለሱ መንዳትን እንዲከለክሉ ሥልጣን ተሰጣቸው። በሳንዲያጎ አጠገብ ያለችው ናሽናል ሲቲ በ1992 ከለከለች። ባለመኪናዎቹ ግን አልተበተኑም፤ ክበብ አቋቋሙ፣ ለተቸገሩ ገንዘብ አሰባሰቡ፣ ምክር ቤት ፊት ቆመው ተከራከሩ። ናሽናል ሲቲ በ2023 ክልከላዋን አነሳች። በዚያው ዓመት የእንደራሴ ዴቪድ አልቫሬዝ ረቂቅ AB 436 በገዥው ጋቪን ኒውሰም ተፈረመ፤ ከጥር 2024 ጀምሮ የቁመቱም የመመላለሱም ክልከላ በመላው ግዛት ቀረ። ልብ በሉ፦ ሕጉ ከመነሳቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ዝቅ ያለ የ1969 ፎርድ በስሚዝሶኒያን ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ ነበር። አገር በሙዚየም የሚያከብረውን መኪና በመንገድ ላይ ይቀጣ ነበር ማለት ነው።

በየትኛውም አገር አዲስ ክልከላ በደኅንነት ስም ሲመጣ አንድ ነገር እንጠይቅ፦ የሚለካው አደጋውን ነው ወይስ የሰዎቹን መልክ? አደጋውን ከሆነ ስለ ፍሬንና ስለ አሞርዛተር ይናገር። ስለ መልክ ብቻ የሚናገር ከሆነ፣ በመንገድ ዳር የሚቆሙት እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።