ከፕላቲነም ክምር እስከ ነጠላ አቶም

ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በጊች አምባ የኖሩት የስሜን ገበሬዎች ገብስ ይዘሩ፣ ከብትና በግ ያረቡ ነበር። እርሻውና ግጦሹ ግን ከተዳፋቱ አፈሩን፣ ከዋልያው መኖሪያውን እየነጠቀ ሄደ። በ1978 (ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተራ ገባ። በ2016 ከ400 በላይ የሚሆኑ የጊች አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ተሰረዘ። ሰዎቹ ከአምባው ቢወርዱም ጥያቄው አብሯቸው ወርዷል፤ ይኸውም ጥቂት መሬት ብዙ ቤተሰብ እንዴት ይቀልባል የሚለው ነው።

የመልሱ አንድ ክፍል ማዳበሪያ ነው። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞንያ፣ አሞንያም ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን ነው። ናይትሮጅኑ ከአየር ይገኛል፤ ሃይድሮጅኑ ግን በዓለም ላይ በአብዛኛው የሚወጣው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። ኢትዮጵያ በ2025 ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር የተዋዋለችበት የጎዴ ዩሪያ ፋብሪካም የታቀደው በተፈጥሮ ጋዝ ላይ ነው። ታዲያ ሃይድሮጅንን ከውሃ ማውጣት ለምን አልተለመደም?

ዕውቀቱ አዲስ አይደለም። ኒኮልሰንና ካርላይል የተባሉ እንግሊዛውያን ውሃን በኤሌክትሪክ የከፈሉት በ1800 ነበር። ችግሩ የዋጋ ነው። 1 ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ለማግኘት 9 ሊትር ውሃና በተግባር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ይህ ኃይል ከልክ በላይ እንዳይባክን የሚያደርገው ካታሊስት ነው። ስሙን በ1835 ያወጣለት ስዊድናዊው ቤርዜሊየስ ነው፤ ሥራውም እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ነው፤ ራሱ ሳያልቅ የሌሎችን ነገር ያቀላል። በአልካሊ የሚሠሩት መሣሪያዎች በርካሹ ኒኬል ይጠቀማሉ፤ በአሲዳማ ሜምብሬን የሚሠሩት ግን ውዶቹን ፕላቲነምና ኢሪዲየም ይሻሉ።

በ1972 ጃፓናውያኑ ፉጂሺማና ሆንዳ በቲታኒየም ኦክሳይድ ላይ ብርሃን አሳርፈው ውሃ ከፈሉ። ነገር ግን ቲታኒየም ኦክሳይድ የሚጠቀመው ከፀሐይ ብርሃን ጥቂቱን፣ አልትራቫዮሌቱን ብቻ ነበር፤ በሌላው ጫፍ የቆመው ኤሌክትሮድም ያው ፕላቲነም ነበር።

የውዱን ብረት ብክነት ለመረዳት ስጥ ማሰብ ይበቃል። የተከመረ እህል ፀሐይ የሚያገኘው በላዩ ብቻ ነው፤ የተሰጣው ግን እያንዳንዱ ፍሬ ይሞቃል። በፕላቲነም ቅንጣትም ውስጥ የሚሠሩት የላይኞቹ አቶሞች ናቸው፤ የውስጦቹ ሥራ ፈት ናቸው። በ2011 ዣንግ ታኦና ባልደረቦቹ በቻይና ፕላቲነምን በብረት ኦክሳይድ ላይ አንድ በአንድ አሰጡት፤ የሠሩበት ግን ገና ሌላ ምላሽ ነበር። በ2015 በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ርካሹን ኮባልት በናይትሮጅን አማካይነት ከካርቦን ጋር አስረው በኤሌክትሪክ ከውሃ ሃይድሮጅን አወጡበት። ማሰሩ ግድ ነው፤ ያልታሰሩ አቶሞች ሲሞቁ ተንቀሳቅሰው ዳግመኛ ይከመራሉና።

ከወገኖቻችንም በዚህ መስክ የደከሙ አሉ። አዲስ አበባ የተወለዱት፣ የግዕዙ ሊቅ የጌታቸው ኃይሌ ልጅ ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ፣ በ2010 ከባልደረቦቻቸው ጋር የሴሪየም ኦክሳይድን በተጠራቀመ የፀሐይ ሙቀት እስከ 1,500 ዲግሪ ያህል አግለው ከውሃ እንፋሎት ሃይድሮጅን ማውጣታቸውን አሳተሙ። ሴሪየም በምድር ቅርፊት ከመዳብ የማያንስ ነው። ሆኖም ወደ ነዳጅ የተለወጠው የፀሐይ ኃይል ከ1 በመቶ በታች ነበር።

እነዚህ ሁሉ መንገዱን አሳዩ እንጂ ጉዞውን አልጨረሱም። በ2025 የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ እንኳ ኤሌክትሪኩን የሚጠብቁ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ በካታሊስት የሚድን እያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ አለው። የሙያ ባልደረቦቻችን ከአዲስ ካታሊስት ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ሊጠይቁ የሚገባው ስንት ሰዓት ሳይሆን ስንት ዓመት ይሠራል፣ በስንት ብርስ ይገዛል የሚለውን ነው። ከጊች ወርዶ ደባርቅ ለሰፈረው ገበሬ የዚህ ሁሉ ምርምር መለኪያ የአንድ ኩንታል ዩሪያ ዋጋ ነው።