የኮራል ብርሃን፦ ከሻዕብ ሩሚ እስከ መስታወቱ ገንዳ

ሱዋኪንን ወይም ምጽዋን የጎበኘ ሰው የጥንቶቹን ቤቶች ግድግዳ ቀረብ ብሎ ቢመለከት፣ ድንጋዩ በጥቃቅን ቀዳዳዎችና ኮከብ በሚመስሉ ቅርጾች የተሞላ ሆኖ ያገኘዋል። ድንጋዩ ከተራራ የተፈለጠ ሳይሆን ከባሕር የወጣ ኮራል ነው። እነዚህ የቀይ ባሕር ወደቦች የተገነቡት ይህ ፍጡር ትቶት ባለፈው አጽም ነው። ለግንበኛው ኮራል የግንብ ድንጋይ ነበረ፤ ለመርከበኛው ደግሞ ከውኃ በታች አድፍጦ የመርከብን ሆድ የሚቀድ ጠላት። ሕያው መሆኑን፣ ይልቁንም በብርሃን የሚኖር መሆኑን ለመረዳት ግን የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ወስዶበታል።

ዛሬ ከባሕር በራቀ ከተማ፣ በሳሎን ጥግ ባስቀመጠው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ኮራል የሚያሳድግ ሰው ከውኃው በላይ የሚሰቅለው ሰማያዊ መብራት የዚያ ረጅም ትምህርት ፍሬ ነው። መብራቱን መምረጥና መስቀል ተራ የኤሌክትሪክ ሥራ ቢመስልም፣ በውስጡ የሁለት መቶ ዓመት ዕውቀት ታጥፎ ይገኛል። ከዚህም ዕውቀት ከፊሉ የተቀሰመው ከዚሁ ከሱዳንና ከኤርትራ ጠረፍ ነው።

ድንጋይ የመሰለው ፍጡር

እ.ኤ.አ. ከ1823 እስከ 1825 ሁለት ጀርመናውያን የተፈጥሮ ተመራማሪዎች፣ ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግና ቪልሄልም ሄምፕሪሽ፣ የቀይ ባሕርን ዳርቻዎች እየተዘዋወሩ አጠኑ። ሄምፕሪሽ በ1825 በምጽዋ ታመው ሞቱ። ኤረንበርግ ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1834 ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ደግሞ እንግሊዛዊው ሲሪል ክሮስላንድ ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን በሚገኘው በዱንጎናብ የባሕር ወሽመጥ ሰፈሩ። የተላኩት ለሱዳን መንግሥት ሉል የሚሰጠውን ዛጎል እንዲያረቡ ነበር። በ1913 ባሳተሙት መጽሐፍ ርዕስ ላይ በረሃውንና የባሕሩን የውኃ ገነት ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

ይህ ንጽጽር አንድ እንቆቅልሽ ይዟል። የቀይ ባሕር ውኃ ጥርት ያለ ነው፤ ጥራቱም የምግብ ድህነቱ ምልክት ነው። እንዲህ ባለ የውኃ በረሃ መካከል ይህን ያህል ሕይወት ምን ይመግበዋል? መልሱ በኮራሉ ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። በ1881 ጀርመናዊው ካርል ብራንት በባሕር እንስሳት አካል ውስጥ ለሚኖሩ ቢጫማ ቡናማ ጥቃቅን ሕዋሳት «ዞዛንተላ» የሚል ስም አወጡ። እነዚህ አልጌዎች የፀሐይን ብርሃን ተቀብለው ስኳር ይሠራሉ፤ አብዛኛውንም ለባለቤቱ ለኮራሉ ያካፍላሉ። ኮራሉ በበኩሉ መጠለያና ከቆሻሻው የሚገኘውን ማዳበሪያ ይሰጣቸዋል።

በ1928 እና በ1929 በሞሪስ ዮንግ የተመራው የእንግሊዞች ቡድን በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ ላይ ሆኖ ኮራሎችን ብርሃን በማያስገባ ሣጥን ውስጥ ዘጋባቸው። እንስሳቱ ምግብ እስከተሰጣቸው ድረስ ቢሰነብቱም፣ አልጌዎቻቸውን እየተፉ ነጡ። ብርሃን ለኮራል ጌጥ ሳይሆን እንጀራ መሆኑ ግልጽ እየሆነ መጣ።

ፀሐይ የሌለበት ዓለም

በ1963 ፈረንሳዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶ ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በሻዕብ ሩሚ የባሕር ውስጥ መንደር መሠረቱ። «ሻዕብ» በዐረብኛ የኮራል ሪፍ ማለት ነው። ባለ አምስት ክፍሉ፣ ኮከብ ዓሣ የሚመስለው ቤት በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ተተክሎ ነዋሪዎቹ ለአንድ ወር ያህል በውስጡ ተቀመጡ። ከሙከራው የተሠራው «ፀሐይ የሌለበት ዓለም» የተባለው ፊልም በ1964 ወጥቶ የአካዳሚውን የዘጋቢ ፊልም ሽልማት አገኘ። ከመንደሩ ፍርስራሽ መካከል የጠላቂ ጀልባዋ ጉልላት መሰል መጠለያ ዛሬም በዚያው ባሕር ወለል ላይ ቆሞ ኮራል ለብሷል።

የፊልሙ ርዕስ ግን ለሰው እንጂ ለኮራሉ እውነት አይደለም። በ10 ሜትር ጥልቀት ፀሐይ አለች፤ የተለወጠው ቀለሟ ነው። ውኃ ቀዩን ብርሃን ቀድሞ ይውጠዋል፤ ብርቱካናማውና ቢጫው ይከተላሉ፤ ወደ ጥልቁ የሚዘልቀው ሰማያዊው ነው። ጠላቂው ግራጫ የመሰለውን ኮራል በእጅ ባትሪ ሲያበራው በድንገት ቀልቶ የሚያየው በዚሁ ምክንያት ነው። የኮራሉ አልጌዎችም ከዚህ ሰማያዊ ዓለም ጋር ተስማምተው የሚኖሩ ሲሆን፣ በብዛት የሚቀበሉት ከ400 እስከ 500 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ነው። መብራት መራጩ በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባው ቁም ነገር ይኸው ነው።

ከፀሐይ ወደ አምፖል

«አኳሪየም» የሚለውን ስም በ1854 በመጽሐፍ ያስተዋወቁት እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ናቸው። ኮራልን በቤት ማኖር ግን ከዚያም በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የማይሞከር ነገር ሆኖ ቆየ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኢንዶኔዥያዊው ሊ ቺን ኤንግ ሕያው ድንጋይ፣ የአየር አረፋና የተፈጥሮ ፀሐይ ብቻ ተጠቅመው ኮራል ማኖር እንደሚቻል ጻፉ። በምድር ወገብ አጠገብ የሠራው ዘዴ ግን ክረምቱ ጨለማ በሆነበት በአውሮፓ የሚሠራ አልነበረም። ስለዚህ በ1980ዎቹ የበርሊን አኳሪየም አፍቃሪዎች ብርቱውን የሜታል ሃላይድ መብራት በገንዳቸው ላይ ሰቀሉ። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ገደማም ከጅቡቲ የተወሰደ ሕያው ሪፍ በሞናኮ የባሕር ሙዚየም ውስጥ አዲስ ኑሮ ጀመረ።

ሜታል ሃላይድ ኮራልን ቢያሳድግም ዋጋው ከባድ ነበር። አንዱ አምፖል 250 ወይም 400 ዋት ይበላል፤ ገንዳውን ያሞቃል፤ ቀለሙ ስለሚለወጥም በየዓመቱ ገደማ መቀየር አለበት። ሙቀቱን ለማውረድ ሌላ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት እንደ ካርቱም ባለ ከተማ ይህ በእሳት ላይ እሳት መጨመር ነው። የሪፍ ገንዳ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሊቆይ ይገባዋልና።

መፍትሔው የመጣው ከጃፓን ነው። ቀይ ኤል.ኢ.ዲ. ከ1962 ጀምሮ ቢታወቅም፣ ደማቅ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ግን ለሠላሳ ዓመታት ጠፍቶ ነበር። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ባደረጉት ብርቱ ጥረት ችግሩ ተፈታ፤ በ1993 ደማቁ ሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ. ለገበያ ቀረበ፤ በ2014ም ሦስቱ የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ነጩ የቤት መብራት የዚህ ግኝት ልጅ ነው። በ2006 ገደማ ለሪፍ ገንዳ የተሠሩ የኤል.ኢ.ዲ. መብራቶች ብቅ አሉ። ለሰው ቤት ሰማያዊው ወደ ነጭ መለወጥ ነበረበት፤ ለኮራል ግን ሰማያዊው ራሱ የሚፈለገው ሆነ።

የምርጫው ሕግ

ከዚህ ታሪክ የምርጫው ሕግ ይመነጫል። የመጀመሪያው ሕግ ዋትን ወይም ለዓይን መድመቅን አለማመን ነው። የሰው ዓይን አረንጓዴና ቢጫን አግንኖ ያያል፤ ኮራል ግን በሌላ ሚዛን ይመዝናል። ትክክለኛው መለኪያ ለፎቶሲንተሲስ የሚውለው ብርሃን ሲሆን፣ በካሬ ሜትር በሰከንድ በማይክሮሞል ይቆጠራል። ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150 ይበቃቸዋል፤ ትልልቅ አፍ ያላቸው ድንጋይ ሠሪዎች በዚያው አካባቢ ይስማማቸዋል፤ ቅርንጫፋማው አክሮፖራ ግን ከ200 እስከ 350 ይሻል። የቀትር ፀሐይ 2,000 ገደማ ስለሚደርስ፣ ባለ ገንዳው ባሕሩን በሙሉ መቅዳት አይጠበቅበትም።

ሁለተኛው የገንዳው ልክ ነው። ጥልቅና ጠባብ ገንዳ ብርሃኑን የሚሰበስብ ሌንስ፣ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ደግሞ የሚበትን ሌንስ ይፈልጋል። ረጅም ገንዳን በአንድ ብርቱ መብራት ከማንደድ ሁለት ወይም ሦስት መካከለኞችን መደርደር ይመረጣል። ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲመጣ የኮራሉ ግርጌ በጥላ ይሞታልና። ሦስተኛው፣ ሰማያዊውና ነጩ ለየብቻ የሚጨመሩና የሚቀነሱ መሆን አለባቸው። አራተኛው ማቀዝቀዣው ነው። ኤል.ኢ.ዲ. ሙቀቱን ወደ ውኃው ባይረጭም ከጀርባው ያመነጫል፤ በአሉሚኒየም ክንፎቹ ወይም በማራገቢያው በኩል ካልወጣ ዕድሜው ያጥራል። ሃቡብ በሚነፍስበት አገር እነዚህ ክንፎች በአቧራ ስለሚደፈኑ በየጊዜው መጠረግ አለባቸው።

አሰቃቀሉ

መብራቱ አብዛኛውን ጊዜ ከውኃው ገጽ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ሲቀርብ ብርቱ ነጥቦችንና ጥላን ይፈጥራል፤ ሲርቅ ብርሃኑ ከገንዳው ውጭ ይባክናል። ከኮርኒስ የሚሰቀል ከሆነ ፊሸሩም ሆነ ብሎኑ በስሱ ኮርኒስ ላይ ሳይሆን ከበላይ ባለው ጠንካራ አግዳሚ ወይም ኮንክሪት ላይ መያዝ አለበት። በሽቦ ገመድ ማንጠልጠል ከፍታውን ለማስተካከል ይመቻል። የጨው ተን ተራ ብረትን በጥቂት ወራት ስለሚበላ ብሎኑም ሽቦውም የማይዝግ ይሁን። የኤሌክትሪክ ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመውጣቱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይታጠፍ፤ ጠብታው ከእጥፋቱ ይወድቃል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱን የሚቆርጥ ማጥፊያም የሰውን ሕይወት ያድናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትዕግሥት ነው። አዲስ መብራት ከኃይሉ ሲሶ ወይም ግማሽ ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓትም ይበቃል። ከመጠን ያለፈ ብርሃን ሲወርድባቸው አልጌዎቹ መርዛማ ኦክስጅን ያመነጫሉ፤ ኮራሉም እንደ ዮንግ ሣጥን ኮራሎች ይተፋቸዋል። ጨለማም ብርሃንም፣ መጠናቸው ሲያልፍ፣ መጨረሻቸው አንድ ነው፤ መንጣት።

የባሕሩ አደራ

ይህ መንጣት በገንዳ ብቻ የሚታይ አይደለም። በ2024 የሳይንስ ተቋማት አራተኛውን ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ክስተት አውጀዋል፤ ምክንያቱም የባሕሩ መሞቅ ነው። ስለዚህ ኮራልን ለቤት ጌጥ ብሎ ከባሕር መንቀል ከተቸገረ ሰው ላይ መቀማት ይሆናል። ድንጋይ ሠሪ ኮራሎች በዓለም አቀፉ የዱር ሕይወት ንግድ ስምምነት ስለሚጠበቁ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም። ሳንጋኔብና ዱንጎናብም ከ2016 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ጥሩ መብራት የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፦ በገንዳ ያደገ ኮራል ቅርንጫፉ ተቆርጦ ለሌላው ይተላለፋል፤ ባሕሩም ሳይነካ ይቀራል።

ካርቱም ደግሞ ሌላ ትምህርት አላት። ጦርነቱ በኤፕሪል 2023 ሲፈነዳ በሱዳን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይኖሩ የነበሩ እንስሳት፣ ጠባቂዎቻቸው ሊደርሱላቸው ባለመቻላቸው መሞታቸው ተዘግቧል። ሕያው ነገርን በሰው እጅና በሽቦ ኃይል ላይ ያንጠለጠለ ሁሉ አደራ ተሸክሟል። መብራት ሲጠፋ ኮራል ያለ ብርሃን አንድ ሁለት ቀን ይታገሣል፤ ያለ እንቅስቃሴና ያለ ኦክስጅን ግን ሰዓታትንም ላይቋቋም ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ባለ ገንዳ ባትሪውን የሚያዘጋጀው አስቀድሞ ለውኃ ማንቀሳቀሻው፣ ከዚያ በኋላ ለመብራቱ ነው።

ከፖርት ሱዳን ማዶ፣ በሳንጋኔብ ሪፍ ላይ፣ አንድ የመብራት ማማ ቆሟል። የተተከለው መርከቦች ከኮራሉ እንዲርቁ ለማስጠንቀቅ ነው። በመስታወቱ ገንዳ ላይ የሚሰቀለው ትንሹ መብራት ግን ሰውን ከኮራሉ የሚያርቅ ሳይሆን የሚያቀርብ ነው። ግንበኛው እንደ ድንጋይ ያየውን፣ መርከበኛው እንደ ጠላት የፈራውን፣ ባለ ገንዳው እንደ ሕያው ጎረቤት ለማየት በቅቷል። የተሰጠው ብርሃን ልክ መሆኑንም ኮራሉ ራሱ፣ በማደጉ ወይም በመንጣቱ፣ ይመሰክራል።