ፒንቦል፣ ቁማርና የአዳማ ጌም ቤቶች

በ1994 ዓ.ም. ክረምት የጎረቤታችን ልጅ ከጅዳ ተመለሰች። አራት ዓመት ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ነው። ሻንጣዋ ሲከፈት እኛ ልጆች ከበሩ ላይ አልተነሣንም። ብርድ ልብስ ወጣ፣ ሽቶ ወጣ፣ የእናቷ ሻሽ ወጣ፤ በመጨረሻ በካልሲ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ለታናሽ ወንድሟ ሰጠችው። ጌም ቦይ ከለር ነበር። ሐምራዊ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ። "የአሠሪዎቼ ልጆች ነው። አባትየው ሐራም ነው ብሎ ሊጥለው ሲል እኔ ልውሰደው አልኩት" አለችን።

ለምን ሐራም እንደተባለ ያኔ አልጠየቅንም። ጌሙ ይሠራል ወይ የሚለው ብቻ ነበር ያስጨነቀን። ምክንያቱን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ስረዳው ደግሞ እዚሁ አዳማ ላይ በየጊዜው ከሚታሸጉት ጌም ቤቶች ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት።

መጀመሪያ ጨዋታውን ላላወቃችሁት ላስረዳ። ፖኬሞን እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ውስጥ የወጣ፣ ተጫዋቹ ልዩ ልዩ ፍጡራንን እያደነ የሚሰበስብበት ጨዋታ ነው። በ1999 ኔንቲዶ ይህንኑ ከፒንቦል ጋር አዳቅሎ "ፖኬሞን ፒንቦል" ብሎ አወጣው። ኳሷ ወደ ላይ ትተኮሳለች፤ እየተላተመች ትወርዳለች፤ አንተ ከታች ባሉት ሁለት መምቻዎች መልሰህ ትልካታለህ። በመሐል የአንድ ፍጡር ምስል ቀስ በቀስ ይገለጣል፤ ደጋግመህ በኳሷ ከመታኸው ተያዘ ማለት ነው። በጠቅላላው 151 ናቸው። ኳሷ በሁለቱ መምቻዎች መሐል ሾልካ ከወደቀች ግን ያው አለቀ። ብይ ተጫውቶ ላደገ፣ ከጋራዥ የለቀማትን የኩሽኔታ ኳስ ሚስማር በተመታበት ጣውላ ላይ ላንከባለለ የናዝሬት ልጅ (ስሟ በይፋ ወደ አዳማ ቢመለስም እኛ ገና ናዝሬት ነበር የምንላት) ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር።

ችግሩ ድንጋይ ነው። ጌም ቦዩ ራሱ ሁለት ትንንሽ ድንጋይ ይበላል፤ ይህ ካሴት ግን ኳሷ ስትላተም መሣሪያው በእጅ ላይ እንዲንቀጠቀጥ የራሱ አንድ ቀጭን ድንጋይ አለው። ቀጭኑ በሰፈራችን ሱቅ አይገኝም። ያለ እሱም ይሠራል፤ መንቀጥቀጡ ብቻ ይቀራል። ትንንሾቹ ሲደክሙ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ እናሰጣቸዋለን። የአዳማ ፀሐይ ለሌላ ነገር ባይጠቅም ለዚህ ጠቅሞናል፤ አሥር ደቂቃ ትጨምርልሃለች።

ወደ ሐራሙ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ የሳዑዲ ዐረቢያ የሃይማኖት ባለሥልጣናት ፖኬሞንን የሚከለክል ፈትዋ አወጡ። ከምክንያቶቹ አንዱ ቁማር ይመስላል የሚል ነበር። ዒላማው በተለይ ልጆች እየገዙ የሚለዋወጧቸው ካርዶች ቢሆኑም የቪዲዮ ጨዋታውም አብሮ ተካተተ። እንግዲህ ያቺ ሐምራዊ ዕቃ ከጅዳ ሳሎን አዳማ የደረሰችው በዚህ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ካርዱን በተመለከተ ክርክሩ ይገባኛል፤ ልጆች በገንዘብ ሲገበያዩበትና ሲወራረዱበት ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ከፒንቦሉ ካሴት ውስጥ ግን ከድንጋይ በቀር የሚከስር ነገር የለም።

የሚገርመው፣ ፒንቦል በዚህ ክስ ሲከሰስ የመጀመሪያው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጥር 1942 የኒውዮርክ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጋርዲያ ፒንቦልን በከተማቸው አገዱ። ፖሊስ በሺህ የሚቆጠሩ ማሽኖችን ሰበሰበ፤ ከንቲባው መዶሻ ይዘው ማሽን ሲሰብሩ የተነሡት ፎቶ እስከ ዛሬ አለ። ምክንያታቸው ማሽኑ የልጆችን የምሳ ሳንቲም ይዘርፋል፣ ገንዘቡም ወደ ወንበዴዎች ይሄዳል የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ለከንቲባው ፍትሐዊ እንሁን። በ1942 የነበረው ፒንቦል ዛሬ የምናውቀው አልነበረም። መምቻዎቹ አልነበሩትም! ሳንቲም ትከታለህ፣ ኳሷን ትተኩሳለህ፣ ከዚያ በኋላ ጠረጴዛውን ከመነቅነቅ በቀር የምታደርገው የለም፤ የትኛው ቀዳዳ እንደምትገባ ቆመህ ታያለህ። ብዙ ቦታም ነጥብ ላገኘ ሰው ባለቤቱ በገንዘብ ይከፍል ነበር። ስለዚህ "ቁማር ነው" ሲሉ ብዙም አልተሳሳቱም። ነገሩ የተለወጠው በ1947 ነው። በዚያ ዓመት ጎትሊብ የተባለው ኩባንያ "ሃምፕቲ ደምፕቲ" የተሰኘውን ማሽን መምቻ ገጥሞለት አወጣ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ኳሷ በተጫዋቹ እጅ ሆነች። ዕድሉ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ግን የለመደና ያልለመደ በግልጽ ይለያሉ።

ሕጉስ? ሕጉ ሌላ 29 ዓመት ተኛ። በ1976 ሮጀር ሻርፕ የሚባል ወጣት ጋዜጠኛ የከተማው ምክር ቤት አባላት ፊት ማሽን ላይ ቆመ። መጀመሪያ በመምቻዎቹ ኳሷን ወዴት እንደሚልክ አስቀድሞ እየተናገረ ላከ። ቀጥሎ መተኮሻውን ጎትቶ "በመሐለኛው መስመር ትወርዳለች" አለ፤ በመሐለኛው መስመር ወረደች። እገዳው ተነሣ። ሻርፕ ራሱ በኋላ ላይ ያቺ የመጨረሻዋ ምት ዕድል እንደነበረችበት አምኗል። የችሎታ ጨዋታ መሆኑን ያስመሰከረችው ምት የዕድል ሆና አረፈችው!

አሁን ወደ ቤታችን። ከቢሾፍቱ እስከ ሻሸመኔ በስምጥ ሸለቆው መንገድ የሚኖር ሰው የሚያውቀው ዝርዝር አለ፦ ጫት ቤት፣ ሺሻ ቤት፣ ቪዲዮ ቤት፣ ጌም ቤት። ዘመቻ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ይታሸጋሉ። በሰፈራችን ጆተኒና ሁለት ፕሌይስቴሽን የነበራት አንዲት ክፍል በልጅነቴ ሦስት ጊዜ ስትታሸግ አይቻለሁ። ለምን እንደምትታሸግም አውቃለሁ፤ ተማሪ ከክፍል ይፎርፋል፣ የዳቦ ብር እዚያ ያልቃል። ተሸናፊ ይከፍላል የሚለው ደንብ ደግሞ ትንሽ ውርርድ ነው፤ አልክድም። እናቶቻችን ያማረሩት በከንቱ አልነበረም። ግን ጆተኒ ላይ የሚያሸንፈው የእጁ አንጓ የፈጠነ ልጅ ነው። ይህን ለማየት ሁለት ዙር መቆም ይበቃ ነበር፤ ዝርዝሩን ያወጣ ሰው ያን ያህል የቆመ አይመስለኝም።

በቅንፍ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ዘመን ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት ኮምፒውተር ሁሉ ውስጥ "ስፔስ ካዴት" የሚባል ፒንቦል በነፃ ነበር። ኢንተርኔት ቤት መስመር ሲጠፋ፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ፣ የምንጫወተው እሱን ነው። ደብዳቤ ለማስጻፍ የገባሁበት አንድ ቢሮም ጸሐፊዋ "ሲስተም የለም" ብላኝ ስታበቃ የኳሷን ድምፅ ሰምቻለሁ። (ማይክሮሶፍት በኋላ ያወጣው ስለ ሥነ ምግባር ተጨንቆ እንዳይመስላችሁ። ወደ 64 ቢት ሲያዞሩት ኳሷ ግድግዳውን እያለፈች መውደቅ ጀመረች፤ ስህተቱን ፈልገው አጡት፤ ተዉት።) ዝርዝሩ የሚዘጋጅበት ኮምፒውተር ውስጥም ፒንቦል እንደነበረ አልጠራጠርም።

በሌላ በኩል ቁማር ራሱ እንደሌለ አድርገን አንናገር። ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አዟሪውም ገዢውም ምን እንደሆነ ያውቀዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የስፖርት ውርርድ ቤቶች ፈቃድ አውጥተው በየከተማው ተከፈቱ። ስልክ ላይ የሚጫወቱት አውሮፕላኑም መጣ፦ ገንዘብ ታስይዛለህ፣ አውሮፕላኑ ይነሣል፣ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ሳይጠፋ ከወጣህ አገኘህ። ጣትህ የሚሠራ ይመስልሃል። የሚጠፋበት ቁጥር ግን ገና ሳይነሣ በኮምፒውተሩ ተወስኖ ያለቀ ነው። ይህ እንግዲህ የ1942ቱ ፒንቦል ነው፤ መምቻ የለውም። ለዚህኛው የሚጠራ መዶሻ ግን እምብዛም አይታየኝም። መምቻ ያለው ጆተኒ ይታሸጋል፤ መምቻ የሌለው ኪስ ውስጥ ገብቶ ሌሊት ሙሉ ይጫወታል። ጌም ቤት ቢያንስ ማታ ይዘጋ ነበር፤ ተሸናፊውም እዳውን የሚያውቁ አራት ጓደኞች ከአጠገቡ ነበሩት።

የጎረቤታችን ልጅ፣ ያ ታናሽ ወንድም፣ ዛሬ አዳማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ፋሲካ ሄጄ ሳገኘው ተራ እየጠበቀ አውሮፕላኑን ያስነሣል። የዕለቱ ግማሽ ገቢው ሄዷል። እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ ሳቁ ግን ደስ አላለኝም። ማታ ቤታቸው ስንቀመጥ እህቱ ከቁም ሳጥን ውስጥ ጌም ቦዩን አወጣችው። ድንጋይ ገዝተን ከተትን፤ ቀጭኑም አሁን በየሱቁ አለ። በራ። ያን ጊዜ የያዝናቸው ፍጡራን ግን አንድም አልቀሩም፤ መዝገቡን የሚይዘው የውስጥ ባትሪ ሞቷል።

ከዜሮ ጀመረ። ስልኩ ሶፋው ላይ ሁለት ሦስቴ ጮኸ፤ አላነሳውም። መሣሪያው እጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ እንደ ልጅ ደነገጠ። ሦስተኛዋ ኳስ በመሐል ሾልካ ስትወድቅ ቀና ብሎ አየኝና "ቀኜ ዘገየ፤ እኔ ነኝ" አለ። መልሶ ጀመረ።