ኦርኪድን ከዘር በብልቃጥ ማሳደግ

ኦርኪድን ከዘር በብልቃጥ ማሳደግ ከጀርም በጸዳ የመስታወት ዕቃ ውስጥ፣ ስኳርና ማዕድናት በተጨመሩበት አጋር ላይ፣ የኦርኪድን ዘር አብቅሎ ለችግኝ የማድረስ ዘዴ ነው። በላቦራቶሪም ሆነ በመኖሪያ ቤት ሊሠራ ይችላል። የኦርኪድ ዘር የራሱ ስንቅ ስለሌለው እንደ ባቄላ ወይም እንደ ጤፍ አፈር ላይ ቢዘራ አይበቅልም፤ በዱር የሚበቅለው ፈንገስ ሲመግበው ነው። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ምግብ የፈንገሱን ሥራ ይተካል። ዘዴው አንድ ፍሬ ብቻ ወስዶ፣ እናት ተክሏን ሳይነቅሉ፣ ብዙ መቶ ችግኝ ለማግኘት ያስችላል። ስለዚህ ደናቸው እየሳሳ በሄደባቸው እንደ ነገሌ ቦረና ዙሪያ ባሉ የደቡብ ኢትዮጵያ አካባቢዎች ለኦርኪዶች ጥበቃ ሊረዳ ይችላል።

የዘሩ ባሕርይ

የኦርኪድ አስተኔ ወደ 28,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ያሉት፣ ከአበባ ተክሎች አስተኔዎች ሁሉ ትልቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። የዘሮቹ መጠን እንደ ዝርያው ቢለያይም አብዛኞቹ እንደ አቧራ የደቀቁ ናቸው፤ የአንዱ ዘር ክብደት በሚሊዮንኛ ግራም ይለካል። አንድ ፍሬ ከጥቂት ሺህ እስከ ሚሊዮን የሚደርስ ዘር ሊይዝ ይችላል።

ዘሩ እንዲህ የቀለለው ኢንዶስፐርም የተባለው የምግብ ስንቅ ስለሌለው ነው። በውስጡ ያለው ከጥቂት ሕዋሳት የተሠራ ጽንስና ነፋስ የሚይዝለት ስስ ቅርፊት ብቻ ነው። ቅለቱ ነፋስ ርቆ እንዲወስደው ያደርጋል፤ ነገር ግን ካረፈበት ቦታ ተስማሚ ፈንገስ ካላገኘ ይሞታል። ፈንገሱ ወደ ጽንሱ ገብቶ ስኳርና ማዕድን ያቀብለዋል። ከሚበተነው ዘር እጅግ ጥቂቱ ብቻ ተክል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ታሪክ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ አትክልተኞች ኦርኪድን ከሞቃት አገሮች ደን እየነቀሉ ያስመጡ ነበር። ከዘር ለማብቀል የሞከሩት ዘሩን በእናት ተክሏ ሥር ይበትኑት ነበር፤ ፈንገሱ በዚያ አፈር ውስጥ ስለሚኖር አልፎ አልፎ ይበቅልላቸዋል፤ ምክንያቱን ግን አያውቁም ነበር። በእንግሊዝ አገር ጆን ዶሚኒ የተባለው አትክልተኛ ያዳቀለው ካላንቴ እ.ኤ.አ. በ1856 አበበ፤ ይህም በሰው እጅ ተዳቅሎ ያበበ የመጀመሪያው ኦርኪድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1899 ፈረንሳዊው ኖኤል ቤርናር በበቀሉ የኦርኪድ ቡቃያዎች ውስጥ ፈንገስ መኖሩን አስተዋለ፤ ቆይቶም ፈንገሱን ለይቶ በማርባት ዘር አበቀለበት። በ1922 ደግሞ በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሉዊስ ክኑድሰን ስኳር ያለበት ምግብ ከቀረበለት ዘሩ ያለ ፈንገስም እንደሚበቅል አሳየ። ይሁንና ስኳሩ ለሻጋታና ለባክቴሪያም ምግብ ስለሆነ ሥራው በጸዳ ዕቃ ውስጥ መሠራት ነበረበት። የዘመኑ የኦርኪድ ንግድ የተመሠረተው በዚህ ግኝት ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ተመሳሳይ የብልቃጥ ዘዴ፣ ማለትም ቲሹ ካልቸር፣ በግብርና ምርምር ተቋማት ውስጥ ይሠራበታል። በሆለታ የሚገኘው የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከልና የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ከዚህ ሥራ ጋር ከሚጠሩት መካከል ናቸው። እንደ ሙዝ፣ አናናስ፣ ሸንኮራ አገዳና እንሰት ያሉ ተክሎች በዚህ መንገድ ይባዛሉ። ልዩነቱ ቲሹ ካልቸር ከተክሉ ቁራጭ ተነሥቶ አንድ ዓይነት ተክል ሲያባዛ፣ ከዘር የሚነሣው ግን እርስ በርሳቸው የሚለያዩ ልጆች ማስገኘቱ ነው።

በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኙ ኦርኪዶች

በኢትዮጵያ ከ160 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። የአስተኔው ሳይንሳዊ ገለጻ እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ 6ኛ ቅጽ ውስጥ ይገኛል። በ2004 ደግሞ ሰብስቤ ደምሰው፣ ፊሊፕ ክሪብና ፊን ራስሙሰን ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መለያ መጽሐፍ በኪው የእንግሊዝ ንጉሣዊ የዕፅዋት ማዕከል ታትሟል።

ነገሌ ቦረና ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወደ ክብረ መንግሥትና ሻኪሶ ሲኬድ እርጥብ ደን ይገኛል፤ ወደ ደቡብ ሲኬድ መሬቱ እየደረቀ ወደ ግራር ቁጥቋጦ ይለወጣል። ስለዚህ በአካባቢው የሚጠቀሱት ኦርኪዶች በሁለት ይከፈላሉ፦

- በዛፍ ላይ የሚኖሩ፦ ሥራቸውን በቅርንጫፍ ላይ ያጣብቃሉ፤ ከዛፉ ምግብ አይወስዱም፤ የዝናብና የጉም ውሃ ይጠጣሉ። የአየራንጊስና የፖሊስታኪያ ወገኖች ከእነዚህ ናቸው። አየራንጊስ ብራኪካርፓ ነጭ፣ ማታ ማታ የሚሸት አበባ አለው፤ ማሩ ረጅም ቀንድ በሚመስል ቱቦ ጫፍ ስለሚገኝ ብናኙን የሚያስተላልፉለት ረጅም ምላስ ያላቸው የሌሊት ቢራቢሮዎች ናቸው። ፖሊስታኪያ ሪቫይ የተባለው ኢትዮጵያዊ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዶሜኒኮ ሪቫ ነው፤ ሪቫ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ጋር በደቡብ ኢትዮጵያ የተጓዘ ጣሊያናዊ የዕፅዋት ሰብሳቢ ነበር።
- በመሬት ላይ የሚኖሩ፦ የዩሎፊያ ወገን ዝርያዎች ከእነዚህ ይመደባሉ። ዩሎፊያ ፒተርሲ ወፍራም ቅጠልና ውሃ የሚያጠራቅም ግንድ ስላለው በደረቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ይኖራል። ከዓረብ ልሳነ ምድር ጀምሮ በኢትዮጵያ በኩል እስከ ደቡባዊ አፍሪካ ይገኛል።

አሠራር

ፍሬ መሰብሰብ

ብዙ ጊዜ አበባው በእጅ ይዳቀላል፤ የኦርኪድ ብናኝ ተጣብቆ እንደ ትንሽ ድቡልቡል ስለሚሆን በስንጥር ጫፍ ማንሣት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ፍሬው እስኪበስል እንደ ዝርያው ከጥቂት ሳምንታት እስከ ዓመት ይወስዳል። ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ፍሬው ሳይሰነጠቅ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ከመብሰያ ጊዜው ከግማሽ በላይ ሲያልፍ መቁረጥ ነው፤ በውስጡ ያለው ዘር ከጀርም ንጹህ ስለሆነ የሚጸዳው የፍሬው ውጫዊ ገጽ ብቻ ነው። ሁለተኛው የበሰለውን ደረቅ ዘር በወረቀት ሰብስቦ ዘሩን ራሱን ማጽዳት ነው። ደረቅ ዘር በወረቀት ተጠቅልሎ፣ እርጥበት በማያስገባ ዕቃ፣ በፍሪጅ ውስጥ ለወራት ይቆያል።

ምግቡን ማዘጋጀት

ክኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1946 ያሳተመው ቀመር ዛሬም ያገለግላል። ለ1 ሊትር ውሃ፦

- ካልሲየም ናይትሬት፦ 1 ግራም
- አሞኒየም ሰልፌት፦ 0.5 ግራም
- ማግኒዥየም ሰልፌት፦ 0.25 ግራም
- ሞኖፖታሲየም ፎስፌት፦ 0.25 ግራም
- የብረት ሰልፌት፦ 0.025 ግራም
- የማንጋኒዝ ሰልፌት፦ 0.0075 ግራም
- ስኳር፦ 20 ግራም
- አጋር፦ ከ8 እስከ 15 ግራም

እነዚህን በሚሊግራም መመዘን በቤት ውስጥ አስቸጋሪ ስለሆነ ብዙ አሳዳጊዎች በውሃ የሚሟሟ የአበባ ማዳበሪያ በትንሹ፣ ለሊትር 1 ግራም ገደማ፣ ከስኳርና ከአጋር ጋር ይጠቀማሉ። የተፈጨ ሙዝ ወይም የኮኮናት ውሃ የሚጨምሩም አሉ። የምግቡ ፒኤች ከ5.2 እስከ 5.8 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። በጣም ኮምጣጣ ከሆነ አጋሩ አይረጋም።

ከጀርም ማጽዳት

ምግቡ በብልቃጦች ተቀድቶ፣ ክዳናቸው ላላ ብሎ፣ በኦቶክሌቭ ወይም በፕሬሸር ኩከር ይቀቀላል። የሚፈለገው ሙቀት 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ተራ ፍላት በቂ አይደለም፤ የአንዳንድ ባክቴሪያዎች ስፖር በፈላ ውሃ አይሞትም።

ደረቅ ዘር የሚጸዳው በረኪና በውሃ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ቀጥኖ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ተጨምሮበት፣ ለ10 ደቂቃ ያህል በመናጥ ነው። ከዚያ ተቀቅሎ በቀዘቀዘ ውሃ ይታጠባል። በረኪና ከአልኮል፣ ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል የለበትም፤ መርዛማ ጋዝና ሌላ ጎጂ ነገር ይወጣዋል።

መዝራት

የሚዘራው አየር በማይንቀሳቀስበት ሳጥን ውስጥ ነው። እጅ ማስገቢያ ሁለት ቀዳዳ የተበሳለት ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ለቤት ሥራ ይበቃል። ሳጥኑና ጓንቱ በበረኪና ውሃ ይወለወላሉ። አልኮል ተረጭቶ እንፋሎቱ ባልወጣበት ዝግ ሳጥን ውስጥ እሳት ማብራት ፍንዳታ ያስከትላል። ዘሩ በአጋሩ ላይ ስስ ሆኖ ይበተናል፤ ብልቃጡ ወዲያው ይከደናል።

እድገትና ማዛወር

ዘሩ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ውስጥ ያብጥና አረንጓዴ ይሆናል። በዚህ ደረጃ ፕሮቶኮርም ይባላል፤ ሥርም ቅጠልም የሌለው ትንሽ ኳስ ነው። ቀጥሎ ቅጠል፣ ከዚያም ሥር ያወጣል። ሲጠባበቁ ወደ አዲስ ብልቃጥ በሰፊው ይዛወራሉ። በብልቃጥ ውስጥ ያለው ቆይታ ባብዛኛው ከ9 እስከ 18 ወር ነው። ለማበብ ደግሞ ከመዘራቱ ጀምሮ ከ3 እስከ 7 ዓመት የሚፈልጉ ብዙ ናቸው።

ሻጋታ በአንድ ብልቃጥ ከታየ ብልቃጡ ሳይከፈት ከሌሎቹ ይለያል። ዘሩን በአንድ ትልቅ ዕቃ ከመዝራት በብዙ ትናንሽ ዕቃዎች መዝራት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ከብልቃጥ ማውጣት

ብዙ ችግኝ የሚሞተው በዚህ ደረጃ ነው። በብልቃጥ ውስጥ ያደገ ቅጠል የደረቀ አየር ስለማያውቅ ውሃውን መቆጠብ አይችልም። ችግኙ ከአጋሩ በለብ ያለ ውሃ ታጥቦ በደቀቀ የዛፍ ቅርፊት ወይም በሞስ ላይ ይተከላል፤ በግልጽ ፕላስቲክ ተሸፍኖም ለሳምንታት ቀስ በቀስ አየር ይለምዳል።

በነገሌና በቆላ ከተሞች የሚለወጡ ነገሮች

ከፍታ። ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በነገሌ 95፣ በአዲስ አበባ 92 ዲግሪ ግድም ነው። በባሕር ወለል ላይ 121 ዲግሪ የሚደርስ ፕሬሸር ኩከር በነገሌ 118፣ በአዲስ አበባ 117 ዲግሪ ግድም ላይ ይቆማል። ጉድለቱን ለማካካስ የመቀቀያው ጊዜ ከ15 ደቂቃ ወደ 25 ወይም 30 ደቂቃ ይራዘማል። ከ300 ሜትር በታች በሆነችው በዶሎ ኦዶ ይህ ችግር አይኖርም።

ሙቀት። ለአብዛኞቹ ዘሮች ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይስማማል። ፀሐይ የነካው ዝግ ብልቃጥ ግን ከክፍሉ አየር እጅግ ይሞቃል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ችግኙ በሙሉ ሊቀቀል ይችላል። ስለዚህ ብልቃጦቹ ከቆርቆሮ ጣሪያ ርቀው፣ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ባለው ክፍል፣ ከመስኮት ገባ ብለው ይቀመጣሉ።

ውሃ። ጨውና ኖራ የሚበዛበት የጉድጓድ ውሃ ቀመሩን ያዛባል። የተሻለው ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ካጠበ በኋላ የሚወርደው ይወሰዳል።

መብራት። ፕሬሸር ኩከር በከሰልም በጋዝም ስለሚሠራ፣ የቀኑ ርዝመትም በዚህ ኬክሮስ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ግድም ስለሆነ፣ የኤሌክትሪክ መቋረጥ ሥራውን አያስቆምም።

ወቅት። የቦረና ዋና ዝናብ ጋና ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ዝናብ ሀገያ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ይጥላል። ችግኝ ከብልቃጥ የሚወጣው በጋና መግቢያ ከሆነ የአየሩ እርጥበት ይረዳዋል፤ በጥር ወይም በየካቲት ከወጣ ግን የሚደርስበት በድርቁ መሐል ነው።

ሕግ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 አደጋ ላይ ባሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ላይ የተደረገው ስምምነት (ሳይተስ) አባል ሆናለች። ኦርኪዶች በሙሉ በስምምነቱ ዝርዝሮች ውስጥ ስለሚገኙ ከዱር የተነቀለ ተክል ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት አይቻልም። በጸዳ ብልቃጥ ውስጥ ያደጉ ችግኞች ባብዛኛው ከስምምነቱ ቁጥጥር ውጭ ናቸው። ይሁን እንጂ የአገር ሕግ ራሱን የቻለ ነው፤ በጄኔቲክ ሀብትና በማኅበረሰብ ዕውቀት ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የኢትዮጵያን የጄኔቲክ ሀብት ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።

ለጥበቃ ያለው ጥቅምና ወሰን

በዛፍ ላይ የሚኖር ኦርኪድ ዛፉ ሲቆረጥ አብሮ ይወድቃል። ለከሰል፣ ለግንባታና ለእርሻ ደን በሚመነጠርበት አካባቢ በቅርንጫፍ ላይ ለዓመታት ያደገ ተክል በአንድ ቀን ይጠፋል። ከወደቀ ቅርንጫፍ የተገኘ ያልተሰነጠቀ ፍሬ በብልቃጥ ቢዘራ ግን የዚያ ተክል ዘር ይተርፋል።

ብልቃጡ የማይተካው ነገርም አለ። ችግኙ ያደገው ያለ ፈንገስ ስለሆነ ወደ ደን ሲመለስ ፈንገሱን ከዛፉ ቅርፊት ወይም ከአፈሩ ማግኘት ይኖርበታል። ካበበ በኋላም ብናኙን የሚያስተላልፍ ነፍሳት ካላገኘ ፍሬ አያፈራም። ከአንድ ፍሬ የተገኙ ችግኞች ሁሉ ወንድምና እህት ስለሆኑ ከብዙ ተክሎች የተሰበሰበ ዘር ያስፈልጋል። ስለዚህ በብልቃጥ የተረፈ ዝርያ ወደ ዱር ሊመለስ የሚችለው የሚያርፍበት ዛፍ ቆሞ ከጠበቀው ነው።