ቀኑን የሚያጸናው ወንዝ

በአውሮፓ ወንዞች ላይ በመርከብ ለመጓዝ ቀን የሚቆርጥ መንገደኛ አስቀድሞ የወንዞቹን ታሪክ ቢያውቅ ይጠቀማል። ንጉሥ ሻርለማኝ በ793 እ.ኤ.አ. ራይንንና ዳኑብን በቦይ ለማገናኘት ያስጀመረው ቁፋሮ፣ ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው፣ በዝናብና በረግረግ ምክንያት ከንቱ ቀረ። በ1816 የመጀመሪያው የእንፋሎት መርከብ ኮሎኝ ደረሰ፤ በ1827 ከኮሎኝ እስከ ማይንዝ መደበኛ የመንገደኞች ጉዞ ተጀመረ። በ1992 ደግሞ 171 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቦይ ተመርቆ፣ ከሰሜን ባሕር እስከ ጥቁር ባሕር ያለው የውኃ መንገድ ለትልልቅ መርከቦች ተከፈተ።

የሰው ልጅ ቦዩን ቢቆፍርም የውኃውን ልክ አልገራም። በጁን 2013 የዳኑብ ከፍታ በፓሳው ከተማ 12.89 ሜትር ደረሰ፤ በኦክቶበር 2018 በካውብ ያለው የራይን መለኪያ 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ አሳየ። ውኃው ሲሞላ መርከብ ከድልድይ ሥር ማለፍ ያቅተዋል፤ ሲጎድል ሆዱ መሬት ይነካል። ያን ጊዜ መንገደኛው ጉዞውን በአውቶቡስ ይቀጥላል።

ስለዚህ ወር የሚመርጥ ሰው ከማርች እስከ ጁን በዝናብና በበረዶ መቅለጥ የሚመጣውን ሙላት፣ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር የሚያጋጥመውን የውኃ መጉደል ያመዛዝናል። ቀኑን እርሱ ይቆርጣል፤ የሚያጸናለት ግን ወንዙ ነው።