ጨረቃ፣ ወር እና “የጨረቃ ቤት”፦ የቃላቱ ፍቺ እና ምንጭ

ጨረቃ መሬትን የምትዞር፣ የፀሐይን ብርሃን ተቀብላ የምታንጸባርቅ የሰማይ አካል ናት። በግእዝ “ወርኅ” ትባላለች።

ወርኅ ሁለት ፍቺ አለው፤ አንደኛው ጨረቃ፣ ሁለተኛው በጨረቃ ዑደት የሚቆጠረው ጊዜ ነው። አማርኛ ከዚህ ቃል የተገኘውን “ወር” ለጊዜው ብቻ ሲያውለው፣ የሰማዩን አካል ጨረቃ ብሎ ይጠራል። ትግርኛ “ወርሒ”፣ አፋን ኦሮሞ ደግሞ “ጂአ” ሲሉ ጨረቃንም ወርንም ማለታቸው ነው። በእንግሊዝኛም ጨረቃ እና ወር የሚጠሩባቸው ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የ40 ቀን ጊዜ “ወርኃ ጽጌ” መባሉ፣ ቃሉ “ወቅት” የሚል ፍቺም እንዳለው ያሳያል።

ወር ስሙን ከጨረቃ ቢያገኝም በአገራችን አቆጣጠር ከጨረቃ ጋር እኩል አይሄድም። ጨረቃ ሞልታ እንደገና እስክትሞላ በአማካይ 29 ቀን ተኩል ያህል ይፈጅባታል፤ 12 ዙር 354 ቀን ይሆናል። የኢትዮጵያ ዓመት ግን እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያላቸው 12 ወራት እና 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን አሉት። የ11 ቀን ልዩነት የሚፈጠረው በዚህ ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደፊት የሚመጣው የሂጅራ አቆጣጠር ጨረቃን ስለሚከተል ነው። ፋሲካ የሚውልበት ቀን የሚለዋወጠውም በባሕረ ሐሳብ ስሌት ውስጥ የጨረቃ ቆጠራ ስላለበት ነው።

ልዩነቱ ለአርሶ አደሩ ቀላል አይደለም። ክረምት ፀሐይን እንጂ ጨረቃን ስለማይከተል፣ የዘር ጊዜን በጨረቃ ዙር ብቻ የሚቆጥር ሰው በ3 ዓመት ውስጥ ከወቅቱ አንድ ወር ያህል ይርቃል። ላም የምታረግዘው 283 ቀን ገደማ ሲሆን ዘጠኝ የጨረቃ ዙር 266 ቀን ብቻ ነው። በጨረቃ የቆጠረ አርቢ ጥጃውን ከሁለት ሳምንት በላይ ቀድሞ ይጠብቃል።

በከተሞች ዘንድ ቃሉ ሌላ ፍቺ ይዟል። “የጨረቃ ቤት” ያለ ፈቃድ እና ያለ ይዞታ ማረጋገጫ የተሠራ ቤት ነው። ስያሜው የመጣው በሌሊት፣ በጨረቃ ብርሃን ተሠርቶ ሲነጋ ቆሞ ከመገኘቱ ነው። እንደ አንበሳሜ እና ደብረ ታቦር ባሉ፣ ማሳ እና መንደር በሚጎራበቱባቸው ከተሞች ዳርቻ ነገሩ ሁለቱንም ወገን ይነካል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ እና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ ማሳውን በድብቅ የሸጠ አርሶ አደር ልጆቹ የሚያርሱትን ያጣል፤ ገዥውም ጥሪቱን ያፈሰሰበት ቤት ሲፈርስ የሚያቀርበው ሕጋዊ ማስረጃ አይኖረውም።