ጥቁር ሁሉ ዋልካ አይደለም

በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ የሚኖረው አርሶ አደር አፈሩን መለየት የጀመረው ባለሙያ ከመምጣቱ ብዙ ዘመን ቀደም ብሎ ነው። በክረምት ከማረሻ ጋር የሚጣበቀውን፣ በበጋ ደግሞ እየተሰነጣጠቀ የሚከፈተውን ጥቁር አፈር ዋልካ ይለዋል፤ የሸዋ ሰው መረሬ የሚለው ነው። ውኃ የሚተኛበትን ማሳ ፈሰስ እያወጣ ያጠነፍፈዋል። ወይና ደጋ ላይ ደግሞ ዝናቡ እስኪወጣ ጠብቆ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ መዝራት የቆየ ልማድ ነው። ሆኖም ማሳው ክረምቱን ራቁቱን ስለሚያሳልፍ አፈሩ በጎርፍ ይታጠባል።

ሳይንሱ ይህንኑ አፈር ቨርቲሶል ብሎታል። መለያው ቢያንስ 30 በመቶ የሸክላ መጠንና ሲደርቅ የሚፈጠረው ጥልቅ ስንጥቅ እንጂ ቀለሙ አይደለም። በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሸፍን ሲሆን፣ 7.6 ሚሊዮን ያህሉ በደጋማው ክፍል ይገኛል። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1986 ኢልካ፣ ኢክሪሳት፣ የዓለማያ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ፣ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩትና የእርሻ ሚኒስቴር የጋራ ፕሮጀክት ጀመሩ። ከዚያ የወጣው ቢቢኤም ሁለት የአገር ማረሻ አጣምሮ 80 ሳንቲ ሜትር መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ያወጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን የመጀመሪያው መሣሪያ ከባድ ነበርና ክረምት መግቢያ ላይ የከሳ በሬ እንዴት ይጎትተው? አርሶ አደሩ ቢያጉረመርም አይፈረድበትም፤ ኋላም ቀለል ያለ ተሠራ።

ስሕተቱ የሚመጣው ጥቁር የሆነውን ሁሉ ዋልካ ነው ብሎ ቦይ ማስወጣት ሲጀመር ነው። ወደ ስሜን ተራሮች ከፍ ሲባል የሚገኘው አንዶሶል ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ጥቁር አፈር ነው፤ ስሙ ራሱ በጃፓንኛ ጥቁር አፈር ማለት ነው። ነገር ግን ልልና ቀላል ስለሆነ ውኃውን ይጠጣዋል። በዚያ ተዳፋት ላይ ቁልቁል ቦይ ማውጣት ለጎርፍ መንገድ መጥረግ ነው።

በተቃራኒው የማይሰነጠቅ፣ ጥቁርም ያልሆነ፣ ግን ውኃ የሚቋጥር ሜዳ አለ። ይህን የሚለየው ጉድጓድ ነው። ግማሽ ሜትር ያህል ሲቆፈር ግራጫ አፈር ላይ የዝገት መልክ ያለው ነጠብጣብ ከታየ፣ ማሳው በበጋ ደረቅ ቢመስልም ክረምት ውኃ ይተኛበታል። እንዲህ ያለው መሬት ሳይጠነፈፍ ከማኅበሩ የተወሰደው ዩሪያ ቢበተንበት፣ ከናይትሮጂኑ ብዙው አየር ወደ አጣው አፈር ገብቶ ጋዝ እየሆነ ይጠፋል፤ አርሶ አደሩም የማዳበሪያውን ዋጋ ከፍሎ ነሐሴ ላይ ቢጫ ስንዴ ይቆጥራል።